የእህል ሚዛን ኃይል ሲጎድልበት ዝም እንዲል ስለ ማድረግ

በአዲስ አበባ ከተማ፥ በመርካቶ ውስጥ፥ እህል በረንዳ የሚባለው ገበያ ከጎጃም፥ ከአድአ፥ ከአርሲና ከባሌ፥ ከሌላውም እህል አብቃይ አገር በጭነት መኪና የሚመጣው ጤፍና ስንዴ፥ በቆሎና ባቄላ የሚራገፍበት፥ ከዚያም ለከተማው ቸርቻሪና ለወፍጮ ቤቱ የሚከፋፈልበት ስፍራ ነው። መርካቶ የዛሬ ቦታውን የያዘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን፥ ኢጣልያኖች የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ ባዛወሩት ጊዜ መሆኑ የታወቀ ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማው ብዙ ጊዜ መልኩን ለውጦአል፤ በእህል በረንዳ የሚቈረጠው ዋጋ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በሩቅ ወረዳ ያለውን አውድማ ይነካል።

በዚህ ገበያ የሚሸጠው እህል ባለቤቱ ብዙ ጊዜ በቦታው የለም። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን፥ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የመጀመሪያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ከመሆናቸው አስቀድሞ፥ የኢትዮጵያን የእህል ንግድ መርምረው በአውሮፓ አቈጣጠር በ2001 ባሳተሙት ጥናት፥ በክፍለ ሀገር ያለው ነጋዴ እህሉን ወደ አዲስ አበባ ሲልክ ሥራውን በደላላ እጅ እንደሚተው አሳይተዋል። ነጋዴው ከገዢው ጋራ ፊት ለፊት ሳይተያይ ይሸጣል፤ ይህም የሚሆነው በእምነት ነው። እምነቱ ግን በመጨረሻው በአንድ ቍጥር ላይ ያርፋል፤ እርሱም ሚዛኑ ያሳየው ኪሎ ነው። ቍጥሩ ቢጎድል ጉድለቱ ከነጋዴው ወደ ሰብሳቢው፥ ከሰብሳቢውም ወደ ገበሬው ይወርዳል፤ ደላላውም ያለ ጥፋቱ ይታማል።

ቀድሞ እህል በቁናና በእንቅብ ይሰፈር ነበር፤ ኋላም ባስኩላ ገባ። ባስኩላ በብረት ክንድና በተንሸራታች መዘኛ የሚሠራ ስለ ሆነ ሲበላሽ ብልሽቱ ለዓይን ይታያል፤ ክንዱ አልወዛወዝ ይላል፥ ዝገቱም ይገለጣል። አሁን ግን በከተማ መጋዘንም ሆነ በገጠር በኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘንድ ቍጥሩን በብርሃን የሚያሳየው ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ተስፋፍቶአል። ፈጣን ነው፤ ንባቡም ለሁሉ የተገለጠ ነው፤ መብራት በሌለበት አውድማ በባትሪ ይሠራል። ስለዚህ መወደዱ አያስደንቅም። ነገር ግን ባስኩላ ያልነበረበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ኃይሉ ሲደክም ድካሙን ሳይናገር ሥራውን ለመቀጠል መቻሉ ነው።

የውኃ ወፍጮ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል። በበጋ የወንዙ ውኃ ሲያንስ መጅ ቀስ ይላል፥ ድምፁም ይለወጣል፥ ዱቄቱም ሻካራ ይሆናል፤ ባለ ወፍጮው ሳይነገረው ያውቃል። ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ግን ባትሪው ሊያልቅ ሲቃረብ እንኳ ቍጥሩን እንደ ወትሮው አብርቶ ያሳያል፤ ብርሃኑ ጥቂት ቢደበዝዝ በቀትር ፀሐይ ማን ይለየዋል? ይህን ጠባይ ለማረም የሚያስፈልገው ነገር በብዙው ሚዛን ውስጥ አስቀድሞ አለ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የሚያስተካክለው ሰው ነው።

የሚዛኑ አሠራር እንዲህ ነው። ከመድረኩ በታች ሎድ ሴል የሚባል የብረት ወይም የአሉሚኒየም ክንድ አለ፤ በላዩም እጅግ የሳሱ የመለኪያ ሽቦዎች ተለጥፈውበታል። ጆንያው ሲጫን ክንዱ ለዓይን በማይታይ መጠን ይጎብጣል፤ ሽቦዎቹም ተስበው የኤሌክትሪክ መተላለፊያነታቸው ይለወጣል። ብዙዎቹ ሎድ ሴሎች ሙሉ ሸክማቸውን በተሸከሙ ጊዜ፥ ለተሰጣቸው ለእያንዳንዱ ቮልት 2 ሚሊቮልት ያህል ይመልሳሉ። እንግዲህ 300 ኪሎ የሚችል ሎድ ሴል 5 ቮልት ቢሰጠው በሙሉ ሸክም የሚያወጣው 10 ሚሊቮልት ብቻ ነው። የአንድ ኩንታል ድርሻ 3.33 ሚሊቮልት ይሆናል፤ የአንድ ኪሎ ድርሻ ደግሞ አንዱ ሚሊቮልት ለሠላሳ ተከፍሎ የሚደርሰው ነው። ይህን ያህል ያነሰ ነገር የሚያነበው ማጉያ፥ ያነበበውንም ወደ ኪሎ የሚመልሰው ማይክሮኮንትሮለር የተባለው ትንሽ ቺፕ፥ ሁለቱም ከዚያው ከባትሪው ይመገባሉ።

ኃይሉ ሲያንስ ስሕተቱ በአንድ መንገድ ብቻ አይመጣም። በደንብ በተሠራ ሚዛን ለሎድ ሴሉ የሚሰጠው ቮልቴጅና ለንባቡ ማመሳከሪያ የሚሆነው ቮልቴጅ አንድ ስለ ሆነ፥ ሁለቱ አብረው ጥቂት ቢወርዱ ንባቡ አይናወጥም። ማመሳከሪያው ለብቻው በቆመበት ሚዛን ግን፥ ለሎድ ሴሉ የሚሰጠው 5 ቮልት ወደ 4.5 ሲወርድ ንባቡ ከመቶ ዐሥር ይጎድላል፤ ኩንታሉም 90 ኪሎ ተብሎ ይነበባል። ይህን ያህል የጎደለ እንደ ሆነ ግን ጆንያውን በጀርባው ያወረደው ወዛደር እንኳ ይነቃበታል። ይልቅስ የሚያስፈራው ከመቶ አንድ የሚያህለው ጉድለት ነው። 100 ኩንታል የጫነ መኪና ሲራገፍ አንድ ሙሉ ኩንታል ይጠፋል፤ ማንም ግን ጆንያ ሲወሰድ አላየም።

ሁለተኛው መንገድ ከዚህ የከፋ ነው። ማይክሮኮንትሮለር ትእዛዞቹን የሚፈጽመው በሴኮንድ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ በሚመታ ምት ነው፤ ምቱም በፈጠነ መጠን የሚፈልገው ቮልቴጅ ከፍ ይላል። ለምሳሌ በአገር ውስጥ በሚሠሩ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች የሚገኘው አትሜጋ 328ፒ የተባለው ቺፕ፥ በሴኮንድ 4 ሚሊዮን ጊዜ ሲመታ 1.8 ቮልት ይበቃዋል፤ ለ10 ሚሊዮን 2.7 ቮልት፥ ለ20 ሚሊዮን ደግሞ 4.5 ቮልት ያስፈልገዋል። እንደ ተለመደው በ16 ሚሊዮን ምት ሲሠራ፥ በሁለቱ መካከል ተሰልቶ 3.8 ቮልት ያህል ይሆናል። ኃይሉ ከዚህ ወሰን በታች ሲወርድ ቺፑ ወዲያው አይሞትም፤ ያልታዘዘውን ሊፈጽም ይጀምራል። መደመር ሲገባው ይቀንሳል፥ መዝለል የማይገባውን መስመር ይዘላል፥ እንዲጽፍ ባልታዘዘበትም ቦታ ይጽፋል።

የዚህም ጉዳት ከባትሪው ዕድሜ በላይ መኖሩ ነው። ሚዛን ሲስተካከል፥ ማለት መርማሪው የታወቀ መዘኛ አስቀምጦ ልኩን ሲያስይዘው፥ ልኩና ዜሮው ኢኢፕሮም በሚባለው የማይጠፋ ማኅደር ውስጥ ይቀመጣሉ። የአትሜጋ ቺፕ ሠሪዎች ራሳቸው በመግለጫቸው እንዳስጠነቀቁት፥ ኃይሉ ባነሰ ጊዜ ይህ ማኅደር ሊበላሽ ይችላል፤ መጻፉ ራሱ በቂ ቮልቴጅ ስለሚፈልግ፥ ቺፑም ትእዛዝ ስለሚያሳስት ነው። እንግዲህ ማታ ባትሪው የደከመበት ሚዛን በማግሥቱ ተሞልቶ ሲነሣ፥ ብርሃኑ የጠራ፥ ቍጥሩም የረጋ ሆኖ ሳለ ልኩ የተዛባ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ባትሪው ጤነኛ ስለ ሆነ ማንም ባትሪውን አይጠረጥርም። ጥርጣሬው በሰው ላይ ይወድቃል።

ለዚህ የተሠራው መድኃኒት በብዙዎቹ ቺፖች ውስጥ ከመጀመሪያው አብሮ አለ። የኃይል ማነስ ጠባቂ ነው፤ ጠጋኞች ብራውን አውት ይሉታል። ሥራው የሚመጣውን ቮልቴጅ ሳያቋርጥ ከተወሰነለት ልክ ጋራ እያመዛዘነ፥ ከልኩ በታች ሲወርድ ቺፑን ማስቆም፥ ሲመለስም እንደ አዲስ ማስጀመር ነው። የቆመ ቺፕ አይሳሳትም፤ በማኅደሩም ላይ ምንም አይጽፍም። በአትሜጋ 328ፒ ሦስት ልኮች ይመረጣሉ፤ 1.8፥ 2.7 እና 4.3 ቮልት ናቸው። ምርጫው የሚጻፈው ፊውዝ በሚባሉት ሦስት ቢቶች ነው። እነዚህ በቈጣሪ ሣጥን ውስጥ የሚቃጠለው ፊውዝ አይደሉም፤ ስማቸው ብቻ ተመሳስሎአል። 110 የተጻፈ እንደ ሆነ 1.8፥ 101 እንደ ሆነ 2.7፥ 100 እንደ ሆነ 4.3 ቮልት ይሆናል። 111 ከሆነ ግን ጠባቂው ተኝቶአል፤ ቺፑም ከፋብሪካ የሚወጣው እንዲሁ ተኝቶ ነው። በሚዛኑ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም ይህን ምርጫ ሊለውጠው አይችልም፤ የሚለወጠው ቺፑን በሚጽፈው ውጫዊ መሣሪያ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። አርዱዊኖ ኡኖ የተባለው የመማሪያ ሰሌዳ ጠባቂው ነቅቶ ቢመጣም በ2.7 ቮልት ላይ ተደርጎ ነው፤ ምቱ ደግሞ 16 ሚሊዮን ስለ ሆነ 3.8 ቮልት ይፈልጋል። ከ3.8 እስከ 2.7 ባለው መካከል ቺፑ እየተሳሳተ፥ ጠባቂውም ገና ነው እያለ ያልፋሉ። ለመማሪያ መብራት ማብራትና ማጥፋት ይህ አይጎዳ ይሆናል፤ ለእህል መመዘኛ ግን በር ያለ መዝጊያ ማለት ነው። በ5 ቮልትና በ16 ሚሊዮን ምት የሚሠራ ሚዛን ልኩ 4.3 ሊሆን ይገባል። ይህ 4.3 የተባለው ከቺፕ ቺፕ ከ4.1 እስከ 4.5 ሊለያይ እንደሚችል ሠሪዎቹ ይገልጣሉ፤ ዝቅተኛው 4.1 እንኳ ከ3.8 በላይ ስለ ሆነ ይበቃል። በ3.3 ቮልት በሚሠራ መሣሪያ ላይ ግን 4.3 የመረጠ ጠጋኝ መሣሪያው ከቶ እንዳይነሣ ያደርገዋል። እንዲህ ባለው ጊዜ ምቱን ወደ 8 ሚሊዮን አውርዶ 2.7 መምረጥ ይሻላል።

ሌሎች ቺፖች ከማስቆም በፊት ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ሁለተኛ ጠባቂ አላቸው። በኤስቲኤም 32 ኤፍ 103 ከ2.2 እስከ 2.9 ቮልት በ0.1 እየጨመረ ከሚሄደው ስምንት ደረጃ አንዱ ይመረጣል፤ ቮልቴጁ ያን ደረጃ ሲያልፍ ፕሮግራሙ ሥራውን አቋርጦ እንዲሰማ ይደረጋል። ፒክ 18 የሚባሉትም እንዲህ ያለ አላቸው፤ በእነዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መዘንጋት አይገባም። ጠባቂው ከተከፈተ በኋላ የውስጥ ማመሳከሪያው እስኪረጋ ድረስ ጥቂት ይቈያል፤ መርጋቱን የሚያሳየው ምልክት ሳይታይ፥ የቀድሞውም ምልክት ሳይሰረዝ ማስጠንቀቂያውን የከፈተ ሰው ሚዛኑ በተነሣ ቍጥር የሐሰት ጩኸት ይሰማል። የሐሰት ጩኸት የሰለቸው ሰው ደግሞ እውነተኛው ሲመጣ አይነሣም።

የፋብሪካ ሚዛኖች የሚይዙት ቺፕ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ መሠረቱ ግን አንድ ነው። በሁሉም ዘንድ አንድ ልክ ብቻ አይበቃም። ማስቆሚያው በድንገት የሚደርስ ከሆነ፥ ነጋዴው ሠላሳኛውን ጆንያ በሚመዝንበት ጊዜ ቍጥሩ ይጠፋበታል፤ ደጋግሞም ቢያስቸግረው ጠባቂውን አስወግድልኝ ብሎ ወደ ጠጋኝ ይሄዳል። በዚህ ሊፈረድበት አይገባም፤ ገበያ አይጠብቅም። ስለዚህ ልኩ በደረጃ መሆን አለበት። የሚመለከተውም ቺፑ የሚያገኘውን 5 ቮልት ሳይሆን ባትሪውን ራሱን ነው። 5 ቮልቱን የሚያወጣው ማረጊያ ባትሪው እየወረደ እንኳ እስከ መጨረሻው 5 አድርጎ ይዞት ከቈየ በኋላ በአንድ ጊዜ ይለቀዋልና፥ 5 ቮልቱን የሚጠብቅ ሰው የሚሰማው ከረፈደ በኋላ ነው።

በእነዚህ ሚዛኖች ዘንድ የተለመደው ባለ 6 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ያለ ሸክም 6.4 ቮልት ግድም ያሳያል፤ 5.25 ሲደርስ ባዶ ነው ይባላል፥ ከዚያም በታች ቢወርድ ባትሪው ራሱ ይጎዳል። እንግዲህ በ5.8 ቮልት ላይ ማስጠንቀቂያው ይብራ፤ በ5.5 ላይ ሚዛኑ የያዘውን ጆንያ ፈጽሞ አዲስ አልመዝንም ይበል፤ 4.3 ደግሞ የመጨረሻው አጥር ሆኖ ይቅር። ማስጠንቀቂያው በ5.8 በርቶ በ5.8 የሚጠፋ ቢሆን ባትሪው በዚያ ልክ ሲዋዥቅ እየበራ እየጠፋ ያሰለቻል፤ ስለዚህ ለመጥፊያው ከፍ ያለ ልክ፥ ለምሳሌ 6.0፥ ይሰጠዋል። ማረጊያውን በሚመለከት ደግሞ፥ ሲቃጠል በየሱቁ የሚገኘውን 7805 የሚተካ ጠጋኝ ሚዛኑን ሳያውቅ ይጎዳዋል፤ ይህ ማረጊያ 5 ቮልት ለማውጣት ወደ 7 ቮልት የሚጠጋ ስለሚፈልግ ከ6 ቮልት ባትሪ የሚያወጣው ወደ 4 ቮልት ይጠጋል። በጥቂት ልዩነት የሚሠራውን ዓይነት መፈለግ ያስፈልጋል።

እስካሁን የተነገረው ስለ ባትሪ ነው። በከተማ ግን ሚዛኑ ብዙ ጊዜ በቻርጀሩ ከመስመር መብራት ጋራ እንደ ተያያዘ ይሠራል፤ ባትሪው አርጅቶ እያለም ባለቤቱ አያውቀውም። በመርካቶ የወፍጮ ሞተር ሲነሣ፥ በምናለሽ ተራም ብየዳ ሲበየድ፥ መስመሩ ለቅጽበት ይወርዳል፤ ሞተር ሲነሣ የሚስበው ኃይል በሥራ ላይ ሳለ ከሚስበው አምስትና ስድስት እጥፍ ሊሆን ይችላልና። ጤነኛ ባትሪ ይህን ቅጽበት ይሸከመዋል፤ ያረጀው ግን አይችልም። ስለዚህ ከቺፑ አጠገብ ኃይል የሚያከማች ካፓሲተር ይቀመጣል። 1000 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር፥ 20 ሚሊአምፔር ለሚጠጣ ወረዳ፥ ከ5 ቮልት ወደ 4.3 እስኪወርድ 35 ሺሕኛ ሴኮንድ ይሰጣል። ይህ ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን በአትሜጋ ማኅደር አንድ ባይት ለመጻፍ 3.4 ሺሕኛ ሴኮንድ ይበቃልና፥ የተጀመረውን ጽሕፈት ለመጨረስ ሰፊ ጊዜ ነው። ጠንቃቃ ሠሪ በዚህ ላይ ልኩን በሁለት ቦታ ከማረጋገጫ ድምር ጋራ ይጽፈዋል፤ ሚዛኑ ሲነሣ ሁለቱን አስተያይቶ ባይስማሙ ቍጥር ከማሳየት ይልቅ ስሕተት መኖሩን ያሳያል።

ይህ ሁሉ የሠሪዎች ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፍ የሕጋዊ ሥነ ልክ ድርጅት ስለ ሚዛን ባወጣው አር 76 በተባለው ደንብ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2006 በታተመው፥ በባትሪ የሚሠራ ሚዛን ኃይሉ ሠሪው ከወሰነለት ልክ በታች ሲወርድ ወይ በትክክል መሥራቱን መቀጠል ወይም ምንም ክብደት አለማሳየት እንደሚገባው ተጽፎአል። በመስመር መብራት የሚሠራው ደግሞ ከስመ ቮልቴጁ ከመቶ 85 እስኪወርድ ድረስ ልኩን መጠበቅ አለበት፤ በኢትዮጵያ መስመሩ 220 ስለ ሆነ ይህ 187 ቮልት ማለት ነው። እንግዲህ ሚዛን የሚያስገዛ የወረዳ ወይም የዞን ሹም በጨረታው ላይ የሚችለውን ኪሎና የመድረኩን ስፋት ብቻ ጽፎ ቢተው ነገሩን በእንጥልጥል ትቶታል። ሚዛኑ በስንት ቮልት ላይ መመዘን እንደሚያቆም፥ በሚያቆምበትም ጊዜ ምን እንደሚያሳይ ሻጩ በጽሑፍ እንዲገልጥ መጠየቅ ዋጋውን እምብዛም አይጨምረውም።

በሥራ ላይ ላሉት ሚዛኖች ደግሞ ቮልቴጅ የሚያወጣና የሚያወርድ መሣሪያ ያለው ጠጋኝ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፈተናውን ይፈጽማል። የታወቀ መዘኛ በመድረኩ ላይ አስቀምጦ፥ በባትሪው ፈንታ ያን መሣሪያ አያይዞ፥ ከ6.4 ቮልት ጀምሮ 0.1 እየቀነሰ ይወርዳል፤ በየደረጃው ቍጥሩን ይጽፋል። ቍጥሩ ሳይለወጥ ቈይቶ ቢጠፋ ሚዛኑ ደኅና ነው፤ ከመጥፋቱ በፊት ከተንሸራተተ ግን ጠባቂው ወይ ተኝቶአል ወይ ልኩ ዝቅ ብሎአል። ከዚያም ቮልቴጁን ወደ 6.4 መልሶ ያንኑ መዘኛ እንደ ገና ያነባል፤ ይህ ሁለተኛው ንባብ የማኅደሩን ጤንነት ስለሚገልጥ መታለፍ የለበትም።

እንዲህ ያለ ጠጋኝ በሌለበት ወረዳ ለሕግ ምርመራ ሳይሆን ለንጽጽር ብቻ የሚበቃ ዘዴ አለ። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውኃ ተሞልቶ፥ ክዳኑ ተጠብቆና ታሽጎ በመጋዘኑ ውስጥ ይቀመጥ። ጠዋት ባትሪው ሞልቶ ሳለ፥ ማታም ግዢው ከማለቁ በፊት ይመዘን፤ ሁለቱ ንባቦች ከቀኑ ጋራ በመዝገብ ይጻፉ። ጄሪካኑ ስንት ኪሎ መሆኑ አያስጨንቅም፤ የሚያስፈልገው የጠዋቱና የማታው መስማማት ነው። ሁለቱ ባልተስማሙበት ቀን የዚያን ሚዛን ግዢ አቁሞ ሚዛኑን ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት መርማሪ መላክ፥ በዚያም ቀን የተመዘነውን እህል የሻጮቹን ስም ከመዝገብ አውጥቶ እንደ ገና መመዘን ይገባል።